ከደጀ ሰላሙ ወዲህ

ሐምሌ ሥላሴ ነው፤ ጎንደር ጭቃ ለብሳ፣
ደመናው ከጎሃ ወርዶ እስከ ፒያሳ፣
ከደጀ ሰላሙ ወዲህ፣ ከወይራው ሥር፣
ጫማ ይጠርጋል አሉ ህንዱ መምህር።

ያው ሚስተር ሴሻድሪ፣ ዓመቱ እስኪሞላ
«ኤክስን ፈልጉ» ያለን፤ በግራው ዣንጥላ፣
በቀኙ አሮጌ ጨርቅ፣ የሸሚዝ ቁራጭ ይዞ፣
ከጫማው ክምር ፊት፣ ጉልበቱ ደንዝዞ።

አንዱን ያነሣና ጭቃውን በእንጨት
ይፍቃል፤ ያብሰዋል፤ አፍንጫውን ወደ ቤት
አዙሮ ያኖረዋል፤ ሰው ሳያጎነብስ
እግሩን ሰደድ አርጎ ከደጁ እንዲደርስ።
ኮንጎ አለ፣ ሸራ አለ፣ ጎማ በረባሶ፤
የባላባት ቡት አለ ተረከዙ ፈርሶ።
ለቡቱ አልፈጠነም።
ለኮንጎው አልሰነፈም።

ወሬ ግን እግር አለው፣ ያውም ባዶ እግር፤
ከቀሃ አንገረብ ገባ በአንድ ጀምበር፦
«መተት ሊያኖርብን ነው ከሶላችን መሃል።»
«ደሞዝ አንሶት ነው እንጂ፤ ሳንቲም ይለቅማል።»
«ላም የሚያመልክ ሰው የላም ቆዳ ሲነካ
እጁ አይንቀጠቀጥም?»
ይንቀጠቀጥ ነበር ለካ።
ቅርብ ሆኜ አይቻለሁ፤
የመጀመሪያውን ጫማ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያነሣው።

ሚስቱን፣ ካማላን ግን፣ ሰፈር ይወዳታል።
ከኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ቅጠል በቅሏል፤
ጧት ውሃ ታጠጣዋለች፣
ማታ ኩራዝ አብርታ እጅ ትነሣዋለች።
ጎረቤት ትሁኔ በሶብላ መስሏት
ለሽሮዋ ስትቀነጥስ ካማላ ደረሰችባት።
ክው አለች ካማላ። ቆመች። ከዚያ ከጫፉ ጨምራ
ሰጠቻት በሁለት እጇ፣ እንደ አደራ።
ሽሮው ጣፈጠ ተባለ።

መሪጌታ ቢያድግልኝ ከማኅሌት ወጥተው፣
መቋሚያቸውን ተክለው፣ ቆጣ ብለው፣
«አትሳለም፣ አትገባ፤ ምን ልትሠራ መጣህ?»
አሉት። አስተርጓሚ እኔ፤ የስምንተኛ ክፍል ድሃ።

ያለውን እንዳልኩት ልበል፦
«አያቴ፣ የቆዳ ፋቂ ጥላ ቢያርፍበት
ወንዝ ይወርድ ነበር ሊታጠብለት።
እናቴ ደግሞ ሌሊት፣ ሰው ሳያያት፣
የመቅደስ ደጅ ትጠርግና ያን የእግር አቧራ
ትቀባው ነበር ግንባሯን፣ እንደ ሽቶ፣ በተራ።
ከሁለቱ ተወልጄ ስወዛወዝ አረጀሁ።
የአምላክን ፊት አላየሁም፤
ወደ እሱ የሚሄደውን እግር ግን አውቃለሁ።»

በቋንቋው አንድ ቃል ጨመረ፦ «ሴቫ»።
አማርኛ ፈለግሁለት። «አገልግሎት» አልኩኝ።
መሪጌታ ሳቁ፦ «በየትኛው ክህነት?»
ይህን አልተረጎምኩም።
ፈራሁ። ወይ አፈርኩ፤ ዛሬም አለየሁም።

ቆዳ ፋቂ በእኛም አገር ስድብ ነበር።
አባቴም ይሳደብ ነበር።

መሪጌታ ዝቅ ብለው የራሳቸውን ጫማ አዩ፤
ተጠርጎ፣ ዞሮ፣ ከግንዱ ሥር ጠብቋቸዋል።
አልባረኩትም። አልገሠጹትም።
እግራቸውን አስገቡ፤ በዝናቡ ወረዱ፤
ከመታጠፊያው ደርሰው ግን
አንዴ ዞር አሉ።

ዛሬ እኔም ሸበትኩ፤ ወይራውም ተቆርጧል።
ሐምሌ ሰባት ሲደርስ ልቤ ይሟገተኛል።
ስወጣ ጎንበስ እልና፣ ክር የማሥር መስዬ፣
የማላውቀውን ሰው ጫማ ወደ ቤቱ አዞራለሁ፤
አንድ እግሩን ብቻ።
ሁለተኛውን እስካሁን አልቻልኩም፣
ሰው ያየኛል ብዬ።