ስምንት ሳጥኖች

ወደ ቺሎዌ መጡ፣ ስምንት ሆነው፣ በጀልባ፣
የደሴቲቱ ዝናብ ልብስ ዘልቆ ሲገባ።
ሳጥኑ ላይ ጃንጥላ፣ ቀስት፣ ብርጭቆ፣
‹ተጠንቀቁ› ይላል በቀይ ቀለም ደምቆ።
ከንቲባው ሪባኑን በመቀስ ቆረጡ፣
ዳይሬክተሩ ጸጉር ተስተካክለው መጡ፤
‹ከእንግዲህ› አሉን፣ ‹በአንኩድ ሆስፒታል
መድኃኒት በጠብታ፣ በማሽን ይሰላል።›
ፎቶ ተነሣን። ጥጉ ላይ ነበርኩ፣
መፍቻዬን በኪሴ እንደ ጨበጥኩ።

ከዚያ ወደ መጋዘን።
መሰኪያው ሁለት እግር፣ ግድግዳችን ሦስት ቀዳዳ፤
ማብራሪያው በጀርመንኛ፣ ለሁላችን እንግዳ።
ቱቦው ከኛ ቱቦ አይገጥምም ተባለ፣
ሄደ ወደ ፖርቶ ሞንት ደብዳቤ፣ ደብዳቤ እየተከተለ።
መልሱ ሁሉ በግልባጭ፣ በ‹ከላይ እንደ ተጠቀሰው›፣
‹ኮሚቴው ሲሰበሰብ ነው ጉዳዩን የሚያየው።›
አሥራ አራት ወር።
የቀለም ቆርቆሮ ደረደርኩባቸው፤
ድመቷም ሦስት ልጆች ወለደችባቸው።

ኤዱቪሂስ ግን፣ የሌሊት ተረኛ፣
ቆማ ትቆጥራለች ሰው ሁሉ ሲተኛ።
ዐይኗ በጠብታው፣ ሰዓቷ በደረቷ፣
‹ሃያ በደቂቃ› ይላል አንደበቷ።
አንድ እሑድ ከጎኗ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣
ጣራው ሲያፈስ ስትቆጥር ሰማኋት ደጋግሜ።

ክረምት ሲገባ ነው፤ ከአንድ ሩቅ ደሴት፣
ባሕሩ ባበደበት፣ በዚያ ጨለማ ሌሊት፣
በዓሣ ጀልባ መጣች ነፍሰ ጡር ሴት።
እግሯ አብጦ፣ ግፊቷ ንሮ፣ ዐይኗ ብዥ ብሎ፤
መድኃኒቷ ሲበዛ መርዝ፣ ሲያንስም ውኃ መስሎ።
ማዶ አልጋ ሕፃን አለ፣ እሱም በጠብታ፤
አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም በአንድ አፍታ።
መጋዘኑን አንኳኳች፤ ‹ኖልቤርቶ፣ ክፈት› አለች።
‹ፊርማስ?› አልኳት።
ዝም ብላ መፍቻዬን አየች።

ድመቷን አነሣን፣ ሳጥኑን ቀደድን፣
ከአረፋው ሥር፣ ከታች፣ ምን እንዳለ አየን፦
የራሱ ቱቦ፣ ሁለት፣
አሥራ አራት ወር ሙሉ ደብዳቤ የጻፍንለት።

መሰኪያውን ቆርጬ የኛን ቀጠልኩበት፤
አረንጓዴ መብራት ዐይኑን ገለጠበት።
ከዚያም ጮኸ። አየር ገብቷል ብሎ ጮኸ፣
በሩ አልተዘጋም ብሎ፣ ዝም በል ስንለው ጮኸ።
ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ከአልጋው ተራገመ፣
‹ያቺን የባሕር ወፍ እነቋት!› ብሎ አጉረመረመ።
ሊነጋ ሲል ዝም አለ፤ ዝም ብሎ ቆጠረ፤
ኤዱቪሂስ ተቀመጠች፤
ከንፈሯ ግን አብሮት ይቆጥር ነበረ።

ሚሬያ ፈራች፤ ‹ቢሳሳት ማን ሊጠየቅ?›
‹ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይስ ስንት ጠብታ ነው የሚወድቅ
አንቺ ሳታዪው?› አለቻት።
መልስ አልሰጠቻት።
በማግስቱ ደብተር ይዛ መጣች፣
የያንዳንዱን ቁልፍ ሥራ ጻፈች።
መመሪያ አልወጣም። እሷ ለሉስሚላ፣
ሉስሚላም ለተለማማጁ፣ በምሳ ሰዓት፣ በችኮላ።
ግድግዳው ላይ ወረቀት፣ በፕላስተር የተለጠፈ፣
በኤዱቪሂስ እጅ፣ በሰማያዊ የተጻፈ፦
‹ሲጮኽ ሰውየውን እዪ፣ ቱቦውን ቀጥለሽ፣
ማሽኑን መጨረሻ፤ እኔን ጥሪኝ ካቃተሽ።›
ስም ወጣላቸው፦ አንዷ ‹ክርስትና እናት›፣
አንዱ ‹ቄሱ› ተባለ፣ ስለማይደክመው ጩኸት።
ዶክተር ኦያርሱን፣ ‹እኔ በጣቴ› ይሉ የነበሩ፣
አንድ ማክሰኞ ‹ቄሱ የታለ?› አሉ፣ ሳያፍሩ።

የዓመቱ ሪፖርት፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ እንዲህ ይላል፦
‹ሆስፒታሉ ቴክኖሎጂውን ማርች ሦስት ተቀብሏል።›
ማርች ሦስት የሪባኑ ቀን ነው፤ በመቀስ ያልፋል።
የእኔ ቀን ጭቃ ጫማ ነው፣ የእጅ ባትሪ፣ የተቀደደ ካርቶን፤ ማንም አልፈረመበትም።
የሴትየዋ ልጅ ወንድ ነው፤ ጥርስ አብቅሏል።

ሰባቱ ይሠራሉ።
ስምንተኛውን ግን እስከ ዛሬ አልከፈትኩም፤
ድመቷ እዚያ ላይ ደግማ ወለደች፣ ተነሺ ማለት አልቻልኩም።
ለጠየቀኝ ሁሉ ‹መለዋወጫ ነው› እላለሁ፤
ደብዳቤ ከመጣ ግን እሷው ትፈርም ብያለሁ።