መጠባበቂያ

በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄዱ፤
ስድስት ቀን ሰጥተውን ወደ አትክልት ተራ ወረዱ።
ጎረቤት ቆርቆሮ ነቅሎ ምስማር ሲያቃና፣
እኔ የምጭነው ዕቃ በእጅ አይነካምና፣
ከኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ፤ ሻማም አዘጋጅቼ፣
ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በብድር ገዝቼ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጉዳይ ጽፌ፣
ለእርማት ሳንቲም አስከፍዬ፣ በስሕተት አትርፌ፤
የእታፈራሁ የፍቺ ክስ አለ፣ ሦስት ገጽ ተኩል፣
በአራተኛው ወር የታረቁበትም ውል፤
የአቶ ዘውገ ኑዛዜ፣ ሰባቴ የታረመ፣
ልጅ ባስቀየመው ቁጥር አንድ ስም እየለቀመ፤
የሠርግ ጥሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የዕድር ማስታወቂያ፣
ሁሉም እዚህ ነው፤ መላው ዶሮ ማነቂያ።

ሙባረክ፣ የሰዓት ሠሪው ልጅ፣ ያኔ ቫይረስ ሲበላኝ
«ሊኑክስ ልጫንልሽ» ብሎ የገላገለኝ፣
እሱ ቀድሞ ተነሥቶ ገላን ነው አሁን።
በስልክ ያስጽፈኛል ከጥቁሩ መስኮት ነጩን፦

«ማህደርሽ ስሙ ሆም ነው፤ ቤት ማለት።
ከስሙ መጨረሻ ጭረት ካከልሽበት
ዕቃው ብቻ ይሄዳል፣ ቤቱ እዚሁ ይቀራል፤
ጭረቷን ከተውሻት ግን ቤቱም ከነስሙ ይሻገራል።»

ጣቴን ከጭረቷ ላይ አነሣሁ።
መለስኩ። ደግሞ አነሣሁ።

«እንዳትሳሳቺ» አለኝ፣ «ዲሊት የሚል ቃል አለ፤
እሱን ከጨመርሽው፣ እዚህ የተጓደለ
እዚያም ይሰረዛል፤ ታማኝ ነው፣ ዝም ብሎ ይከተላል።»
ሳቅሁ። «እሱንስ» አልኩት «ጽፈውት ሄደዋል፤
በቀይ ነው፣ በሩ ላይ ይነበባል።»

ሰባ አንድ በመቶ ላይ መብራቱ ድርግም።
ዲስኩ በጨለማው ትንሽ ተነፈሰ፣ ዝም።
ከቸርችል የመኪና፣ ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ፤
የአቶ ዘውገ ኑዛዜ አለፈ? እስከ የትኛው ገጽ?
ስድስተኛው ነው የተሻገረው፣ ትንሹ ልጅ ደጅ የቀረበት፣
ወይስ ሰባተኛው፣ እናቱ አልቅሳ ያስመለሰችበት?

ከምሽቱ አራት ሰዓት መብራት ተመለሰ።
ያንኑ መስመር ደገምኩ፤ ማሽኑም አልወቀሰ፤
ከቆመበት ቆጠረ፣ የጎደለውን ብቻ ጫነ፣
ሌሊት፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ፣ ተከናወነ።

ካልሲ ውስጥ ከትቼ ከብብቴ ሸጎጥኳት።
ትሞቃለች። ባዶዋንም ይኸው ነበር ክብደት።
መጠባበቂያ ይሉታል እንዲህ ያለውን ቅጂ፤
ማን ማንን እንደሚጠብቅ አልነገሩኝም እንጂ።

ጭረቷን?
አልጻፍኳትም።