ከንፈር የማይፈልጉ ቃላት

ሃይላንዱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይጠየቅ፤
ጄሪካኑ ከሥሩ ቢሰነጠቅ
የሞተሩን ፀረ-በረዶ ገለበጥሁበት፣ እስክገዛ ዕቃ።
(ጣና በረዶ አያውቅም፤ ሞተር ግን ይግላል፣ በቃ።)
አረንጓዴ ነው፤ ለስላሳ ይመስላል ከሩቅ ሲታይ፤
ክዳኑን አጥብቄ አኖርሁት ከጀልባው ወንበር ላይ፣
ምሳ ሄድሁ።

ግንቦት ነበር። ይበልጣል ከዘጌ ሰው አድርሶ ሲመለስ፣
ጉሮሮው ደርቆ፣ ላቡ ሸሚዙን ሲያርስ፣
አነሣ፣ ጨለጠ። “ይጣፍጣል” አለ አሉ፣ “ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?”
ያቺን ቃል ሙሉ አድርጎ ያላት ለመጨረሻ ያን ቀን ነው።

ማታ ጠላ ሳይቀምስ ሰከረ። ሳቅንበት።
ሲነጋ ሽንቱ ነጠፈ፤ ትንፋሹ ከበደበት።
ሆስፒታል ወሰድነው፤ ማሽን ደሙን አጠበለት፤
ሳምንት አልፎ ሽንት ጠብ ሲል እናቱ እልል አለችለት።

በዐሥረኛው ቀን ፊቱ ወደቀ።
ግራውም ቀኙም፣
ካስማው እንደተነቀለ ድንኳን።
“መርዙ ነርቭ ላይ ዘግይቶ ይደርሳል” አለች ሐኪሟ፣
“በወራት ይመለሳል፣ ምናልባት።”
“ምናልባት” ስትል ጫማዋን አየች።

ዐይኑ አይከደንም፤ ሌሊት በፕላስተር እናሽገዋለን።
ሾርባው ካፉ ጥግ ሲወርድ በጨርቅ እንቀድመዋለን።
ያ ፉጨቱ፣ ከደብረ ማርያም ማዶ የምንለየው፣ ንፋስ ብቻ ሆነ፤
ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቅ፤ ፊቱ እንደ እሑድ ሱቅ ተከደነ።
ልጁ ፊደል ጀምራለች፤ “በ” እና “መ” ላይ ስትደርስ
ድምጿን ትውጣለች፣ አባቷ እንዳያለቅስ።

ነርሷ ስሙን ብትጠይቀው
“ይልጣል” አላት፤ “በ” ከመሀል ወድቃበት።
እውነቱን ነው፤ ይልጣል፤ እኔን ነው የሚልጠኝ።
ስሜን ግን ሳይሰብር ነው የሚጠራኝ፦

ካሣ።

ምላስና ጉሮሮ ይበቃዋል፤ ከንፈር አያስፈልገው።
ትራስ ሲወድቅ ካሣ፤ መብራት ሲበዛ ካሣ፤ ካሣ፣ ሌሊት ሲጨንቀው።
እኔን ይጥራ፣ ዕዳዬን ይጥራ፣ ከፊቱ አላነበው።

“ይቅር” የሚለውንም ቃል አፌ ላይ መዘንሁት፤
እሱም ያለ ከንፈር ይወጣል።
እስካሁን አልሰማሁት።

ትናንት ከወደቡ ዳር ተቀምጠን ሃይላንድ ዘረጋሁለት፤
ውኃ ነው፤ ክዳኑ ገና ያልተፈታ።
አየኝ። ዐይኑ ስለማይከደን ሲያይ ረጅም ነው።
መልሶ ወደ እኔ ገፋው።

ቀድሜ ጠጣሁ።
ከዚያ እሱ ጠጣ፣ አገጩን በመዳፌ ደግፌለት፣
ግማሹ በክንዴ እየወረደ።