ዳገቱ

ከሰኞ ገበያ ሽንኩርት አዝዬ ስወጣ፣
ሦስቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ትንፋሼ እስኪመጣ።
«ጦሳ ዘንድሮ ረዘመ ወይ?» አልኩ ለብቻዬ፤
አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት፣ አልረገፈም የወር አበባዬ።

እናቴ፦ «የሴት ነገር ነው፣ ቻይው።»
እህቴ፦ «ዝንጅብል አፍዪና በትኩሱ ጠጪው።»
ቻልኩት። ጨርቄን በጨለማ አጥቤ አሰጣሁ ከሻንጣ ጀርባ፤
ዓመት ሞላኝ እንደዚሁ፣ ሆዴ ለራሴ ሳይባባ።

ልጄን ላስከትብ በሄድኩበት ሲስተር አንሻ ዓይኔን አየች፤
ቆቡን ገልጣ፣ «ስንት ቀን? በቀን ስንት ጨርቅ?» አለች።

በቁጥር የጠየቀኝ ሰው የለም እስከዛሬ።

«ከሰባት ቀን ካለፈ፣ ወይ ጨርቁ በየሰዓቱ ከራሰ፣
አትቻይው፤ ነይ» አለችኝ፣ ድምጿ እየለሰለሰ።
የቀረኝን ደም ከክንዴ በብልቃጥ ስትቀዳ፣
ጦሳን በመስኮት አየሁት፤
እዚያው ነው፤ የለበትም ዕዳ።