ክርክር

"ስንብት" ይላል ርዕሱ። ሦስት መስመር፣ አንድ ማኅተም፤
ጥበቃው ነው የሰጠኝ በመስኮት፣ ቀና እንኳ አላለም።

እኛ አገር ስንብት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤
ከደጅ እስከ አጥር፣ ካጥር እስከ መንገድ ወሬው ይቀጥላል፣
ዱዓው ይደረጋል፣ ስንቁ ይቋጠራል፣
"በይ ግቢ"፣ "እሺ" ተባብሎ እንደገና ይቆማል።
የኔ ግን አለቀ፣ በሩ ሳይዘጋ ገና።
"ባጁን መልሺ" አለኝ። ፈታሁት። "በይ ደኅና።"

ምክንያቱን አነበብኩ፦ "የቅልጥፍና ማነስ"።
አራት ዓመት ሙሉ፣ መስመር ዘጠኝ ጎንበስ፣
በሰዓት ስልሳ ኮሌታ፣
የማላውቀው ሰው አንገት የሚያርፍበትን ቦታ
ስሰፋ የኖርኩት እኔ፣ ሉባባ ይመር፣
ባንድ ሌሊት ጣቴ ዱልዱም ሆነ? ይገርመኝ ነበር፣
እውነቱን ባላውቅ።

እውነቱ ሆዴ ነው፤ አምስት ወር ሞልቶታል፤
እሱ ወደ ፊት ሲገፋ ማሽኑ ከእጄ ርቋል።
ሽንት ቤት በቁራጭ ወረቀት ነው፣ በፈረቃ ሁለቴ፤
ሦስተኛውን ስጠይቅ ተንቀጠቀጠ ጉልበቴ።
አለቃው ምንተስኖት ሰዓቱን አየ፣ ጻፈ፣
አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣው በጎኔ አለፈ።

ሲቀጥሩኝ ጠይቀው ነበር፦ "ለመውለድ ታስቢያለሽ?"
"አላስብም" አልኩኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ፣
ኪስሽ ውስጥ የቀረው የባጃጅ ብቻ ሆኖ፣ እህቴ፣ ቢጨንቅሽ?

አማቴ እትዬ ዘሐራ "ተይው ልጄ" አሉኝ፣
"ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" ብለው መከሩኝ።
ሰማይ መች ላርስ አልኩ? ወንበሬን ነው የጠየቅሁ።
ቀንና ሰዓት ያለባቸውን ያን ሁሉ ቁራጭ ወረቀት በስኳር ላስቲክ አጠራቀምሁ።
ሃያ ሰባት ሆኑ።

አምና ክር ላይ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ክርክር ላይ።
ያኔ ፋብሪካው ቀጠረኝ፤ አሁን ችሎቱ ቀጠረኝ፤ ቃሉ አንድ፣ ልዩነቱ ደመወዙ ላይ።
ለጥር አሥር ቀጠረኝ፣ ለየካቲት ቀጠረኝ፣
በሁለቱ መሐል ምጥ መጣ፣ ልጄን አሳቀፈኝ።

ትርንጎ መሰከረች። ከነዩኒፎርሟ መጣች፣
የሁለት ሰዓት ፈቃድ ይዛ፣ ጣቶቿን እያየች።
"ስትወጣ ማሽኗ ላይ እኔ እቀመጥ ነበር" አለች ቀስ ብላ፣
"ኮታዋን ስሞላላት፣ የኔም እንዳይጎድል ምሳዬን ሳልበላ።"
የፋብሪካው ጠበቃ ተነሣ፣ ደስ ብሎታል፦
"ይመዝገብልኝ። ኮታዋን ሌላ ሰው ሞልቶላታል።"
ደግነት እንዲህ ነው፤ ችሎት ፊት ሲቆም ስሙ ይለወጣል።

ዳኛዋ መነጽሯን አነሣች፦ "ስንት ኮሌታ ሰፋሽላት?"
ትርንጎ ያኔ ቀና አለች፤ አላውቅባትም ያን ኩራት፦
"አልቆጠርኩም፣ ክብርት ዳኛ። የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው።"
ጸሐፊዋ እጇን አቆመች። ያ ዝምታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው።

ረታሁ። "ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ውዝፏም ይከፈል" ተባለ።
ወሩ ሳይሞላ ይግባኝ መጣ። ገንዘብ ላለው ሁልጊዜ ሌላ ደጃፍ አለ።
ትርንጎን ማታ ፈረቃ ወረወሯት። ስልኬን አታነሣም።
አልፈርድባትም።

እነሆ ከኮምቦልቻ ደሴ፣
ሐረጎን በሚኒባስ፣ ልጄ ጡቴ ላይ፣ ፋይሉ ጭኔ ላይ፣ ጉሮሮዬ ላይ ነፍሴ።
ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፈነው፤ ሹፌሩ መብራት አበራ።
ከፊቴ አንድ ሽማግሌ፣ ሳልባጅ ሸሚዝ፣ ትከሻቸው ላይ አቧራ።
ኮሌታውን አየሁት። ጫፉ ላይ ድርብ ስፌት፣
ማጠፊያው ጋ የምትዘል አንዲት ነጥብ፣ የመስመር ዘጠኝ ስሕተት፤
የኔ ትሁን የትርንጎ፣ ማን ይለያል?
ባሕር ተሻግሮ፣ ሰው ለብሶት፣ አጥቦት፣ ሰልችቶት፣ በቦንዳ ታስሮ መጥቷል።
ስፌቱ አልላላም።

ሸሚዙስ ተመለሰ።
ረዳቱ በሩን ደበደበ፤ መኪናው ደሴ ደረሰ።