ሃያ ብር በደብረ ሲና

ከጣርማ በር ቁልቁል ጉሙ ሲንደረደር፣
አስካለች «ሃያ ብር» ትለናለች ከበር።
ብሩ በመዳፏ ለቅጽበት ይሞቃል፤
ከዚያ ዶላር ሆኖ ውቅያኖስ ይዘልቃል።

ደምስ፣ በረኛችን፣ ፊት ወንበር ላይ ዋለ፣
ጓንቱ ከነጭቃው ጭኑ ላይ እንዳለ።
የኛ ጨዋታማ ለጠዋት ተገፋ፣
ከእንግሊዝ ሰዓት ጋር ትከሻ እንዳይጋፋ።
ሰባት ሰው ነው ያየው፣ ሦስቱ ዘመዶቹ፣
ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲያድኑ እጆቹ።
ምስሉ አልተሸጠም፤ እንዳልሆነ ሆነ፤
የሩቁ በረኛ ስቶ እንኳ ገነነ።

ጉሙ ሳህኑን ዋጠው፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤
«ብር መልሺ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ጀመረ።

ደምስ ግን ዝም ብሎ ጓንቱን አጠለቀው፤
ከጥቁሩ መስታወት በረኛ ጠበቀው።