የጉዲሳ ጨርቆች

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ያለቀበት፣
ጅብ ከወንዙ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚፍቅበት፣
ጉዲሳ ነበረ የሠፈሩ ዘበኛ፣
ቀን ውሻ የሚገራ፣ ሌሊት የማይተኛ።

ቡችላ ዓይኑን ሲገልጥ፣ በየደጁ ዞሮ
ጨርቅ ይለምናል ቤት በቤት ቆጥሮ፤
ከመካኒኩ ቤት የቱታ እጅጌ ጫፍ፣
ከነአስካለ ደግሞ የመቀነት ዘርፍ።
አንድ ባንድ ያስገባል ጨለማዋ ጓዳ፦
«አሽትት፤ ይህ የቤት ነው፣ አይደለም እንግዳ።»

ሽታው ያልገባው፣ ጨርቁን ያላወቀ፣
ማንም ሳይነካው ጥግ ይዞ ደቀቀ።
በጥርሱ ነክሶ ይዞ የሚዘነጣጥል፣
ማታውኑ ይጠፋል፤ የት ሄደ ማን ሊል።
አሽትቶ፣ ጆሮውን ጥሎ ዝም ያለ፣
እሱ ነው ለሌሊት፣ ለደጅ የታደለ።

ይህን ያስታወሰችኝ ሲስተር ሐረገወይን ናት፤
ደረቴን በእስኪሪብቶ ነክታ፦
«እዚህ፣ ከአጥንቱ ጀርባ፣ ታይመስ የሚባል እጢ አለ፤
ቲ ሴሎች የሚያድጉበት።
ከዓይን፣ ከቆዳ፣ ከጉበት
የፕሮቲን ቁራጭ እያመጣ
‹ይህ አንቺ ነሽ› ይላቸዋል።
ጨርሶ ያላወቀሽ ይሞታል፤
አጥብቆ የያዘሽም ይሞታል፤
በስሱ የሚያውቅሽ ወደ ደም ይወጣል።»

ጉዲሳን የት ታውቂዋለሽ? አልኩ በሆዴ።

አንድ ዓመት እናቴ ጨርቅ አልሰጠችውም።
«ለውሻ ብዬ ልብሴን አልቀድም» ብላ፣
ወይም ሲያንኳኳ ገበያ ሄዳ፤ አላውቅም።
የዚያ ዓመቱ ጎበዝ፣ ሦስት ጅብ ያባረረው ቦራ፣
ወንድሜን ከገዛ ደጃችን ላይ
ቁርጭምጭሚቱን ያዘው።
ያላሳዩትን ከየት ይወቅ?

ሰው ሲበሳጭ «ቆሽቴ አረረ» ይላል።
የኔ እውነቱን ነው ያረረው፣
ያውም በጠባቂዎቹ።
ምናልባት ጨርቋ ጓዳው አልደረሰም፣ ወይም አነሰ።
በአሥራ ሦስት ዓመቴ ስኳር አለብሽ ተባልኩ፤
ይኸው በቀን አራት መርፌ፤
መብራት ሲጠፋ ብልቃጤን
እርጥብ አሸዋ ውስጥ እቀብራለሁ።

ጉዲሳ ያደጉትንም አመሻሽ ላይ ያሸትታቸው ነበር፤
«የቤቱ ሽታ የራቀው ውሻ ጅብ ሳይበላው ይከሳል» እያለ።

ትናንት ሄድኩ። ጓዳዋ የለችም፤
ብሎኬት ተደርድሮበታል።
አንድ ሽማግሌ ውሻ ከጥላው ተነሣ፣
ቀስ ብሎ መጣ፣
እጅጌዬን አሸተተ።

ቆሜ ጠበቅኩ።